አንድ ቀን በናፖሊ፦ ምን፣ የትና በስንት ሰዓት እንደሚበላና እንደሚጠጣ

ሮም የሚኖሩ ዘመዶቻቸውን ሊጠይቁ የሚመጡ ወዳጆቼ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ጥያቄ ያቀርቡልኛል። «ወደ ናፖሊ የምንሄደው ለአንድ ቀን ብቻ ነው፤ ምን እንብላ?» ይሉኛል። ጥቂት ቆይቶም ሁለተኛው ጥያቄ ይመጣል፦ «ጾም ላይ ነን» ወይም «አሳማ አንበላም፤ የሚሆነን ነገር እናገኛለን?» ለእያንዳንዱ ሰው በስልክ ከመተንተን አንድ ጊዜ በሥርዓት ጽፌ ማስቀመጥ የሚሻል ስለመሰለኝ ይህን መመሪያ አዘጋጅቻለሁ።

መመሪያው በሁለት ነገሮች ላይ የቆመ ነው። አንደኛው፣ በናፖሊ እያንዳንዱ ምግብ የራሱ ሰዓት ያለው መሆኑ ነው፤ ሰዓቱን የጠበቀ ሰው ትኩሱን በርካሽ ይበላል፣ ሰዓቱን ያሳለፈ ደግሞ የቀዘቀዘውን በውድ ይገዛል። ሁለተኛው፣ የአሳማ ስብ በሥጋ ምግብ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በኬኩ፣ በደረቁ ብስኩትና በሾርባው ውስጥ ጭምር መኖሩ ነው። እነዚህን ሁለቱን ከያዙ ቀሪው ቀላል ነው። ሰዓቶቹን የጻፍኩት በሀገራችን አቆጣጠር ነው፤ ስለዚህ «ከቀኑ 7 ሰዓት» ያልኩት በጣሊያን ሰዓት 13 ማለት ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ለአንድ ሰው ከ40 እስከ 50 ዩሮ የሚደርስ ጥሬ ገንዘብ፣ በትናንሽ ኖቶችና በሳንቲም። ካርድ በብዙ ቦታ ይሠራል፤ ነገር ግን በገበያ መደብና በመንገድ ዳር ሱቅ ሳንቲም ያለው ሰው ቶሎ ይስተናገዳል።
- ሶሉ የማያንሸራትት ምቹ ጫማ። የአሮጌው ከተማ መንገድ በጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተነጠፈ ስለሆነ ዝናብ ሲዘንብ ያንሸራትታል።
- በደረት ላይ የሚንጠለጠልና ዚፑ የሚዘጋ ትንሽ ቦርሳ።
- ሶፍት። ከሚበሉት ግማሹ በእጅ የሚበላ ሲሆን ዘይቱም ብዙ ነው።
- ባዶ የውኃ ጠርሙስ።
- ከዚህ በታች ያሉት ዐረፍተ ነገሮች የተጻፉበት ወረቀት።

በቃል የሚያዙ ዐረፍተ ነገሮች

«ኖን ማንጆ ማያሌ» ማለት «አሳማ አልበላም» ማለት ነው። ይህ ብቻ ግን አይበቃም፤ ሻጩ «አሳማ» ሲባል ሥጋውን እንጂ በሊጡ ውስጥ የገባውን ስብ ላያስብ ይችላልና። ስለዚህ «ቼ ስትሩቶ ኦ ሱኛ?» ብለው ይጨምሩ፤ «የአሳማ ስብ አለበት ወይ?» ማለት ነው። «ስትሩቶ» የጣሊያንኛው ስም ነው፤ «ሱኛ» ደግሞ የናፖሊ ሰው በየዕለቱ የሚጠቀምበት ነው፤ ሁለቱንም መጥራት ጥሩ የሚሆነው ለዚህ ነው። ለጾም «ሴንሳ ፎርማጆ» (ያለ አይብ)፣ «ሴንሳ ካርኔ» (ያለ ሥጋ)፣ «ሴንሳ ኡዎቫ» (ያለ እንቁላል) ይበሉ። ሒሳብ ለመጠየቅ «ኢል ኮንቶ፣ ፔር ፋቮሬ» ይበቃል።

ደረጃ 1፦ ቀኑን ይምረጡ

ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ ካሉት ቀናት አንዱን ይምረጡ። እሑድ ማታ ብዙ ትናንሽ ምግብ ቤቶች ይዘጋሉ፤ ሰኞ ደግሞ የዓሣ ሻጮች ብዙዎቹ አይከፍቱም። በፈረንጆቹ ነሐሴ አጋማሽ፣ በተለይም በ15ኛው ቀን ዙሪያ፣ የከተማው ሰው ለዕረፍት ስለሚወጣ ጥሩ የሚባሉት ቤቶች ተዘግተው ሊያገኟቸው ይችላሉ። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ሰው በእነዚህ ቀናት መሄድ አያስፈራውም፤ በየደረጃው የጾም አማራጩን አመልክቻለሁ።

ደረጃ 2፦ በጠዋት ይድረሱ፣ ሳይበሉ ይድረሱ

ከሮም ቴርሚኒ ወደ ናፖሊ ቼንትራሌ ፈጣኑ ባቡር አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ይወስዳል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ለመድረስ የሚያስችል ትኬት ይቁረጡ። ሮም ላይ ቁርስ አይብሉ፤ በናፖሊ የሚቀመሰው ነገር በብዛቱ ሳይሆን በየሰዓቱ በጥቂት በጥቂቱ የሚበላ ስለሆነ ሆድን ማስለመድ የሚጀመረው ከጠዋት ነው። ከጣቢያው ስር ጋሪባልዲ በተባለው ማቆሚያ የሜትሮ መስመር 1ን ይያዙና ቶሌዶ ላይ ይውረዱ። በቶሌዶ የጀመረ ሰው ገበያውን፣ ቡና ቤቱንና አሮጌውን ከተማ በእግሩ ያዳርሳል፤ መልሶ ሜትሮ የሚያስፈልገው ለመመለስ ብቻ ነው።

ደረጃ 3፦ ቡናውን እንደ ናፖሊ ሰው ይጠጡ

በዚህ ደረጃ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሀገራችን የሚመጣ ሰው ቡና ዐውቃለሁ ብሎ ስለሚገባ በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ነውና።

በመጀመሪያ ቃሉን ያስተካክሉ። በጣሊያን «ባር» ማለት ቡና ቤት ነው፤ አልኮል ቢኖርም በጠዋት ሰው የሚገባው ለቡና ነው። «ካፌ» ብለው ካዘዙ ደግሞ የሚመጣልዎ ኤስፕሬሶ ነው፤ «ኤስፕሬሶ» ብለው መለየት አያስፈልግዎትም። የአዲስ አበባውን ማኪያቶ አስበው «ማኪያቶ» ያዘዙ እንደሆነ ትንሿ ሲኒ ላይ የወተት አረፋ ጠብ ተደርጎባት ትመጣለች። ወተት የበዛበት ከፈለጉ «ካፑቺኖ» ይበሉ፤ እሱም የጠዋት መጠጥ ነው። «ላቴ» ብቻ ብለው ካዘዙ ግን አንድ ብርጭቆ ባዶ ወተት ይቀርብልዎታል።

ከዚያ በቅደም ተከተል እንዲህ ያድርጉ፦

ሀ) በቅድሚያ ወደ ገንዘብ ተቀባዩ ይሂዱ፣ የሚፈልጉትን ይንገሩና ይክፈሉ። በብዙ ቡና ቤቶች ያለ ደረሰኝ ባንኮኒው ጋ የቆመ ሰው ወረፋው አይደርሰውም።

ለ) ደረሰኙን ባንኮኒው ላይ ያስቀምጡ፤ ከፈለጉ አሥር ወይም ሃያ ሳንቲም ደርበው ያኑሩ። ግዴታ አይደለም፤ የተለመደ የምስጋና ምልክት ነው።

ሐ) አንድ ብርጭቆ ውኃ ይሰጥዎታል። ውኃው ከቡናው በፊት ይጠጣል፤ ጥቅሙ አፍን አጥቦ የቡናውን ጣዕም መቀበል እንዲችል ማዘጋጀት ነው።

መ) ሲኒውን በጆሮው ይያዙ እንጂ ወዲያው ከንፈርዎን አያስጠጉ። በናፖሊ ሲኒው በፈላ ውኃ ውስጥ ተቀምጦ የሚወጣ ስለሆነ ከቡናው ይልቅ የሚያቃጥለው ሲኒው ነው። አራትና አምስት ሴኮንድ ይጠብቁ፣ ያማስሉ፣ ከዚያ በሁለት ወይም በሦስት ጉንጭ ይጨርሱ። ሲቆይ አረፋው ይጠፋል፣ ምሬቱም ይበረታል።

ሠ) አንዳንድ ቤቶች ስኳር ጨምረው ያቀርባሉ። ያለ ስኳር የሚፈልግ ሰው ሲያዝዝ «አማሮ» ይበል።

የቡናው ጣዕም ከለመድነው የተለየ ነው። ቡናው ጠቆር ብሎ የተቆላ ሲሆን ብዙውን ጊዜም ሮቡስታ የሚባለው የቡና ዓይነት ይቀላቀልበታል፤ ስለዚህ የይርጋጨፌን የአበባ ሽታና ቀለል ያለ ኮምጣጣነት አይጠብቁ። መፈለግ ያለብዎት ወፍራም አረፋና አፍ ውስጥ የሚቆይ ጥቁር ጣዕም ነው። በባንኮኒው ቆሞ የሚጠጣ ቡና ከ1 እስከ 1.50 ዩሮ ገደማ ያስከፍላል፤ በተመሳሳዩ ቤት ጠረጴዛ ይዘው ከተቀመጡ ዋጋው እጥፍና ከዚያም በላይ ሊሆን ስለሚችል ከመቀመጥዎ በፊት ዝርዝሩን ይመልከቱ። በፒያሳ ትሪዬስቴ ኤ ትሬንቶ ያለው ጋምብሪኑስና በፒያሳ ዳንቴ ያለው ሜክሲኮ የታወቁ ናቸው፤ ይሁን እንጂ ከቶሌዶ ገባ ባሉት ጎዳናዎች ሠራተኛ የሚሰለፍበት የትኛውም ትንሽ ባር አያሳፍርም።

ሌላም ልማድ አለ። ሁለት ቡና ከፍለው አንዱን ጠጥተው ሌላውን ለማያውቁት ችግረኛ ማስቀመጥ ይችላሉ፤ «ካፌ ሶስፔሶ» ይባላል። ማድረግ ከፈለጉ ሲከፍሉ በዚሁ ስም ይንገሩ።

ደረጃ 4፦ ስፎሊያቴላን ትኩሱን ይብሉ፣ ከመብላትዎ በፊት ግን ይጠይቁ

ስፎሊያቴላ በሪኮታ (ከእኛ አይብ ጋር የሚቀራረብ ለስላሳ አይብ ነው)፣ በሰሞሊና፣ በስኳር በተቀቀለ የብርቱካን ልጣጭና በቀረፋ የተሞላ ኬክ ነው። ሁለት ዓይነት አለው፤ «ሪቻ» የሚባለው በስስ በስሱ የተነባበረና ሲነከስ የሚንኮሻኮሽ ሲሆን «ፍሮላ» የሚባለው ለስላሳና ክብ ነው። ሪቻን ከምድጃ በወጣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይብሉ፤ ከቀዘቀዘ ንብርብሩ እንደ ቆዳ ይጠነክራል። በዋናው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ቪኮ ፌሮቪያ ላይ ያለው አታናዚዮና በቪያ ቶሌዶ ያለው ፒንታውሮ በዚሁ ኬክ ይታወቃሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ የሪቻ ንብርብር እርስ በርሱ እንዳይጣበቅ በባህላዊው አሠራር የሚቀባው የአሳማ ስብ ነው። በፍሮላውም ሊጥ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይገባል። አሳማ የማይበላ ሰው በቅቤ የተሠራ መሆኑን ሻጩ ካላረጋገጠለት ይተወው። በምትኩ «ባባ» የሚባለው ስፖንጅ መሰል ኬክ አለ፤ እሱ ግን በሩም መጠጥ የተነከረ ስለሆነ አልኮል ለማይቀምስ አይሆንም። ለጾመኛ ከሁሉም የሚስማማው የሎሚ ግራኒታ ነው፤ በረዶ፣ ሎሚና ስኳር ብቻ ነው።

ደረጃ 5፦ በፒኛሴካ ገበያ ይለፉ

ፒኛሴካ ከቶሌዶ ሜትሮ የጥቂት ደቂቃ መንገድ ሲሆን እስከ ሞንቴሳንቶ ጣቢያ ይዘልቃል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ጥሩ ነው። ወደ ገበያው የሚገቡት ለመግዛት ብቻ አይደለም፤ መደቡ ላይ የተከመረው የወቅቱ ምርት ስለሆነ ምሳና ራት ላይ ምን ማዘዝ እንዳለብዎ የሚነግርዎ እሱ ነው። በክረምት ፍሪያሪየሊ የሚባለው መራራ ቅጠል ተከምሮ ካዩ ማታ እሱን ይጠይቁ፤ በበጋ ፔርኮካ የሚባለው ቢጫ ኮክ ካለ በቀይ ወይን ተነክሮ ይቀርባል።

ፍራፍሬውን በእጅዎ አይንኩ። መርጦ የሚሰጠው ሻጩ ነው፤ ለዛሬ የሚበላ መሆኑን ከነገሩት የበሰለውን ያነሣልዎታል።

የጎሽ ወተት ሞዛሬላ መቅመስ ከፈለጉ ትንሿን ፍሬ ገዝተው እዚያው ይብሏት። ሲቆረጥ ነጭ ፈሳሽ የሚያነባ፣ ገጹ ለስላሳና ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሣ ከሆነ ትኩስ ነው። ፍሪጅ የገባ ሞዛሬላ ይጠነክራል፣ ሽታውም ይጠፋል፤ ስለዚህ የሚበላው በተገዛበት ቀን፣ በራሱ ውኃ ውስጥ እንዳለ ነው። ከላም ወተት የሚሠራው «ፊዮር ዲ ላቴ» ይባላል፤ ዋጋው ይቀንሳል፣ ፒዛ ላይ በብዛት የሚገባውም እሱ ነው።

ደረጃ 6፦ ፒዛውን ከ6 ሰዓት በፊት ይያዙ

ከፒኛሴካ ወደ ቪያ ዴይ ትሪቡናሊ በእግር ሩብ ሰዓት ያህል ነው። ጎዳናው በሁለት ወገን ፒዛ ቤት ነው፤ ሶርቢሎና ዲ ማቴዮ እዚያው ናቸው፤ ዳ ሚኬሌ ደግሞ ወደ ጣቢያው አቅጣጫ ቪያ ቼዛሬ ሴርሳሌ ላይ ነው። በ7 ሰዓት የሄደ ሰው በታወቁት ቤቶች በር ላይ አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊቆም ይችላል። በ5፡30 የሄደ ብዙውን ጊዜ ቶሎ ይገባል። ሰልፍ ካለ ዝም ብለው አይቁሙ፤ በሩ ላይ ቁጥር የሚሰጥ ወይም ስም የሚመዘግብ ሰው አለና ቀድመው እሱን ያነጋግሩ። ሳይመዘገቡ ግማሽ ሰዓት የቆሙ ሰዎች አጋጥመውኛል።

አሁን ምርጫው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚበላ ሰው ከሁለቱ አንዱን ይዘዝ፦

«ማርጌሪታ»፦ ቲማቲም፣ ሞዛሬላ ወይም ፊዮር ዲ ላቴ፣ የወይራ ዘይትና ባዚሊኮ (የበሶብላ ዘመድ የሆነው ቅጠል)።

«ማሪናራ»፦ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና የወይራ ዘይት። ስሟ ከባሕር ጋር ቢያያዝም ዓሣም ሆነ አይብ የለባትም። የናፖሊ ፒዛ ሊጥ ደግሞ በደንቡ ዱቄት፣ ውኃ፣ ጨውና እርሾ ብቻ ነው፤ ቅቤም፣ ወተትም፣ እንቁላልም አይገባበትም። ስለዚህ ማሪናራ ሙሉ የጾም ምግብ ናት። ጾመኛ በመሆኑ ምክንያት ቅር ብሎት ሊቀመጥ የነበረ ሰው በከተማዋ የታወቀውን ምግብ ምንም ሳይጎድልበት መብላት መቻሉ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

ሲቀርብልዎ መሐሉ ርጥብ፣ ጠርዙ ያበጠና አልፎ አልፎ የጠቆረ ሆኖ ያዩታል። አልበሰለም ብለው አይመልሱት። ምድጃው በግምት ከ430 እስከ 480 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ ስለሆነ ፒዛው የሚበስለው ከ60 እስከ 90 ሴኮንድ ባለው ጊዜ ነው፤ በዚህ አጭር ጊዜ ጠርዙ ሲነፋና ሲጠቁር የቲማቲሙ ውኃ አይደርቅም። ጥሩ ፒዛ ሲታጠፍ አይሰበርም። ደረቅና የሚሰነጠቅ ከሆነ የናፖሊ አሠራር አይደለም።

እንደቀረበ ይጀምሩ። ፎቶ ሲያነሡ የቆየ ፒዛ በእንፋሎቱ ይረጥብና እንደ ጎማ ይሆናል። በቢላና ሹካ መብላት የተለመደ ነው፤ ከመሐል ወደ ጠርዝ ቆርጠው በእጅ አጥፈው ቢበሉም ማንም አይታዘብዎትም። አንድ ሰው አንድ ሙሉ ፒዛ ማዘዙ የአካባቢው ልማድ ነው፤ ነገር ግን ከሰዓት በኋላ የሚቀመስ ስላለ ለሁለት ሰው አንድ ማዘዝ ከፈለጉ አስቀድመው ይጠይቁ። መቀመጫ ከጠፋ ደግሞ «ፒዛ አ ፖርታፎሊዮ» የሚባለውን፣ አራት ላይ ታጥፎ በወረቀት የሚሰጠውን ትንሽ ፒዛ ገዝተው እየሄዱ ይብሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ «ፒዛ ፍሪታ» የሚባለው የተጠበሰው ፒዛ በሪኮታና «ቺኮሊ» በሚባል የአሳማ ጥብስ ቅሪት የሚሞላ ነው። «ሴንሳ ቺኮሊ» ብለው ማዘዝ ይቻላል። በዝርዝሩ ላይ «ፔፔሮኒ» የሚል ቃል ካዩ ደግሞ ቃሪያ ማለት እንጂ ቋሊማ አይደለም።

ደረጃ 7፦ ይረፉ፣ ሎሚ ይጠጡ

ከቀኑ 9 እስከ 11 ሰዓት ምግብ አይፈልጉ። አብዛኛው ማእድ ቤት የሚዘጋበት ሰዓት ስለሆነ ክፍት ሆኖ የሚያገኙት ለቱሪስት የተዘጋጀውን ነው። በዚህ ፋንታ «አኳፍሬስካዮ» የሚባለውን የመንገድ ዳር የውኃ ሻጭ ይፈልጉና «ሊሞናታ አ ኮሸ አፔርቴ» ይዘዙ። ስሙ «እግር ከፍቶ የሚጠጣ ሎሚ» እንደ ማለት ነው። በትልልቅ ሎሚዎች ጭማቂና ጋዝ ባለው ቀዝቃዛ ውኃ ላይ ሻጩ በመጨረሻ አንድ ማንኪያ ባይካርቦኔት ሲጨምርበት አረፋው ከብርጭቆው ይገነፍላል። ስለዚህ እግርዎን ከፈት፣ ወገብዎን ወደ ፊት ዘንበል አድርገው ይቀበሉና አረፋው ሳይወርድ በአንድ ትንፋሽ ይጠጡት፤ ያለበለዚያ ልብስዎ ላይ ይፈሳል። ምሳው ለከበደው ሰው ጥሩ ማቅለያ ነው። የደም ግፊት ያለበትና ጨው የተከለከለ ሰው ባይካርቦኔቱን ያስቀርና ሎሚውን ብቻ ይጠጣ፤ ባይካርቦኔት ሶዲየም ነውና።

ደረጃ 8፦ የመንገድ ጥብስ፣ በትንሹ

11 ሰዓት ላይ የጥብስ ሱቆቹ ዘይት እንደገና ይግላል። በሾጣጣ ወረቀት የሚሰጠው ድብልቅ ጥብስ «ኩዎፖ» ይባላል፤ የዓሣ ወይም የአትክልትና የሊጥ አለው። ትንሹን ይዘዙ። ሱቅ የሚመረጠው በሰልፉ ነው፤ ብዙ ሰው የሚገዛበት ሱቅ ጥብሱ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል። መስኮት ላይ ተደርድሮ የሚጠብቅ ጥብስ አይግዙ።

ጾመኛና አሳማ የማይበላ ሰው እዚህ መጠንቀቅ አለበት። «ፍሪታቲና» ፓስታ በነጭ የወተት ስጎና ብዙ ጊዜ በካም (በአሳማ ሥጋ) የተሞላ ነው፤ «ክሮኬ» የሚባለው የድንች ጥብስ አይብና እንቁላል አለው፣ አንዳንዴም ሳላሚ። «ዜፖሊኔ» ባዶ ሊጥ ነው፤ ሆኖም የሚጠበሰው ከሌሎቹ ጋር በአንድ ዘይት ነው። በዓሣው ኩዎፖ ውስጥ ደግሞ ካላማሪና ሽሪምፕ ይቀላቀላል፤ ቅርፊትና ክንፍ የሌለው የባሕር እንስሳ የማይበላ ሰው አስቀድሞ «ሶሎ አሊቺ» ብሎ ትንንሾቹን ዓሣዎች ብቻ ይጠይቅ።

ደረጃ 9፦ ራት በትራቶሪያ

ትራቶሪያ ከሬስቶራንት ቀለል ያለ፣ የቤት ምግብ የሚያቀርብ ቤት ነው። ከቶሌዶ በላይ ባሉት በኳርቲየሪ ስፓኞሊ ጠባብ መንገዶች ብዙ አሉ። የሚከፈቱት ከምሽቱ 1፡30 ገደማ ነው። በዚያው ሌሊት ወደ ሮም የሚመለስ ሰው የመጨረሻውን ባቡር ሰዓት ጠዋት ላይ ያረጋግጥ፣ በር ሲከፈት ይግባ፣ አንድ ምግብ ብቻ ይዘዝ።

ዝርዝሩ በእጅ የተጻፈና አጭር፣ በጣሊያንኛ ብቻ የሆነውን ቤት ይምረጡ። አጭር ዝርዝር ማለት የዕለቱ ምግብ በዕለቱ ተሠርቷል ማለት ነው።

አንድ ነገር ብቻ የሚያዙ ከሆነ «ላ ጄኖቬሴ» ይሁን። ስሙ ጄኖቫን ቢጠራም ምግቡ የናፖሊ ነው። የበሬ ሥጋና ከሥጋው የሚበልጥ ቀይ ሽንኩርት አንድ ላይ ለብዙ ሰዓታት በቀስታ ይበስላል፤ ሽንኩርቱ ቀልጦ ቡናማ ስጎ እስኪሆን ድረስ፤ ከዚያ በእጅ በተሰባበረ ረዥም ፓስታ ላይ ይደረጋል። ዶሮ ወጥ ሠርቶ የሚያውቅ ሰው የሽንኩርቱን ትዕግሥት በመጀመሪያው ጉርሻ ይለየዋል፤ በርበሬው ብቻ ነው የሌለው። አንዳንድ ቤት የአሳማ ሥጋ ስለሚጨምር «ሶሎ ማንዞ?» (የበሬ ብቻ ነው?) ብለው ይጠይቁ። የእሑዱ «ራጉ» በአብዛኛው የአሳማ ሥጋ አለበት።

ለጾመኛ «ስፓጌቲ አሊዮ ኤ ኦሊዮ» (ነጭ ሽንኩርትና ዘይት) ወይም «ስፓጌቲ አል ፖሞዶሮ፣ ሴንሳ ፎርማጆ» ይሆናል። ደረቁ ፓስታ ከስንዴና ከውኃ የሚሠራ ስለሆነ እንቁላል የለውም፤ «ፍሬስካ» የተባለው ትኩስ ፓስታ ግን ብዙ ጊዜ እንቁላል ይገባበታል። ጎን ለጎን ፍሪያሪየሊን በዘይትና በሚጥሚጣ መሰል ቃሪያ የተጠበሰውን ይዘዙ፤ ብዙ ጊዜ ከቋሊማ ጋር ስለሚመጣ ለብቻው መሆኑን ያሳስቡ። የሽንብራና የቦሎቄ ፓስታ ሾርባ የጾም ይመስላል፤ አንድ ጊዜ አክስቴን በሁዳዴ ወስጄ ካዘዝኩላት በኋላ ከድስቱ ስር የአሳማ ቆዳ እንደነበረበት አስተናጋጁ ነገረን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳልጠይቅ አላዝዝም።

የሚጠጣ፦ ከፒዛና ከቀላል ምግብ ጋር የግራኛኖ ቀይ ወይን ቀዝቀዝ ብሎ ይቀርባል፤ ትንሽ አረፋ አለው። ከዓሣ ጋር ፋላንጊና የሚባለው ነጭ ይስማማል። እንደ ጄኖቬሴ ላለ ከባድ ምግብ አሊያኒኮ ይሻላል። ብርጭቆ ወይም ሩብ ሊትር ብቻ ማዘዝ ይቻላል። ሊሞንቼሎ ከራት በኋላ በትንሽ ብርጭቆ በጣም ቀዝቅዞ ይጠጣል፤ ጣፋጭነቱ አያታልልዎ፣ ከወይን በእጥፍ ገደማ የሚበረታ መጠጥ ነው።

በሒሳቡ ላይ «ኮፔርቶ» የሚል በሰው የሚቆጠር ጥቂት ዩሮ ያያሉ። የዳቦና የገበታ ክፍያ ነው፤ በዝርዝሩ ላይ ከተጻፈ ሕጋዊ ነው። ዳቦው ተከፍሎበታልና በሳህኑ ላይ የቀረውን ስጎ በእሱ ጠርገው ይጨርሱ፤ በትራቶሪያ ይህ ነውር አይደለም፣ ለወጥ ቤቷ ምስጋና ነው።

ሌሎች ማስጠንቀቂያዎች

ሞተር ብስክሌት በጠባቡ መንገድ ሁሉ ያልፋል፤ እየበሉ ሲሄዱ ግድግዳውን ይጠጉ። ስልክዎን የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቆመው አያውጡ።

ጥሬ የባሕር ምግብ፣ በተለይም ጥሬ ቀንድ አውጣ መሰል ሼሎችን፣ ከመንገድ ዳር አይብሉ። የበሰለውን ያዙ፤ በማግስቱ መንገድ ያለበት ሰው ሆዱን አደጋ ላይ መጣል የለበትም።

ደጋግሜ የማያቸው ስሕተቶች

በአንድ ቀን ሁለት ፒዛ ቤት ለማነጻጸር መሞከር። ሁለተኛው ላይ የሚደርሱት ጠግበው ስለሆነ ፍርዱ የጥጋብ እንጂ የጣዕም አይሆንም።

የዓሣ ፓስታ ላይ አይብ መጠየቅ። አስተናጋጁ የሚያመነታው በንቀት አይደለም፤ አይቡ የዓሣውን ጣዕም ስለሚሸፍነው ነው።

«ታራሊ» የሚባለውን ደረቅ ብስኩት ለዘመድ ጥሩ ስጦታ ነው ብሎ መግዛት። የናፖሊው ታራሊ ዋና ግብዓቱ የአሳማ ስብና ቁንዶ በርበሬ ነው። ለቤተሰብ የሚወሰድ ከተፈለገ የግራኛኖ ደረቅ ፓስታ ወይም የተፈጨ ቡና ይሻላል፤ ሁለቱም ቀላልና የማይበላሹ ናቸው።

ሊሞንቼሎ በእጅ ሻንጣ መያዝ። ከ100 ሚሊ ሊትር የሚበልጥ ጠርሙስ በብዙ አየር ማረፊያ በፍተሻ ሊወሰድ ስለሚችል በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ በልብስ ጠቅልለው ያስገቡት። ሞዛሬላ ግን ለነገ አይግዙ፤ ሮም ሲደርስ ያ ጠዋት የቀመሱት አይደለም።